የፊዚክስ መምህራችን አርፈዋል፤ ሐዋሳ የተማራችሁ ትዝታችሁን እዚህ ጻፉ

ታቦር ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ፊዚክስ የተማራችሁ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ላልሰማችሁ ፕሮፍ ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ብዙዎቻችን ነበርን። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ቤተሰቡ በየገጹ እንዳይዘዋወር ስለጠየቀ ነው። "ማን ለካው?" ካልኳችሁ ግን ማንን እንደምል ታውቃላችሁ።

ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ልጃቸው አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አባቷ ቤት ውስጥ ስለ ሥራቸው ብዙም አያወሩም ነበርና፣ ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ማወቅ ትፈልጋለች። ለአርባቸው የሚደርስ፣ ታትሞ ለቤተሰቡ የሚሰጥ ነገር እናዘጋጅ ተባብለናል። ደግ እንደነበሩ፣ እንደ አባት እንደነበሩ ለቅሶው ላይ ሁላችንም ተናግረናል። እዚህ የምፈልገው በዓይናችሁ ያያችሁትን ነው። ምን አደረጉ? ምን አሉ? ምን አስለኳችሁ?

እኔ ልጀምር። ሰሌዳ ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር ሲጽፉ ከጎኑ የለካውን ሰውና ዓመቱን ሳይጽፉ አያልፉም ነበር። የብርሃን ፍጥነት ከሆነ መጀመሪያ ሮመር፣ 1676፣ በጁፒተር ጨረቃ ግርዶሽ፤ ቀጥሎ ፊዞ፣ 1849፣ በሚሽከረከር ጥርሳም ጎማ። የኤሌክትሮን ቻርጅ ከሆነ ሚሊካንና የዘይት ጠብታዎቹ። የስበት ቋሚ ቁጥር ሆኖ ካቨንዲሽ ላይ ሲደርሱማ ክፍለ ጊዜው እዚያው ያልቅ ነበር። በ1798 ሪፖርቱን ያወጣው ካቨንዲሽ ራሱ ሲፈልግ የነበረው የምድርን እፍጋት እንደሆነ፣ ሁለቱ ትልልቅ የእርሳስ ኳሶች እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ ግራም ይመዝኑ እንደነበር፣ የአየሩ ሙቀት ትንሽ እንኳ ቢለዋወጥ መሣሪያው ስለሚታወክ ከክፍሉ ውጭ ሆኖ በቴሌስኮፕ ያነብ እንደነበር ይነግሩናል። "ይህ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ሰው ተቸግሮ ለክቶታል" ይሉ ነበር። አሁን እኔም ሳስተምር ሰውየውን ሳልጠራ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ አልችልም።

አሞራ ገደል

ነፍስ ይማር። ያ ቡናማ ኮታቸው፣ የግራ ኪሱ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ።

የ97 ባች

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍ። ታቦር ሥር፣ ይህን ስለከፈትክ አመሰግናለሁ።

የፔንዱለሙን ነገር ማንም ሳይጽፈው እኔ ልቅደም። ሁለተኛ ዓመት ነን። ለየቡድኑ ክር፣ የብረት ኳስ፣ ሜትርና ሰዓት ተሰጠን። ክሩን አንድ ሜትር ላይ አስረን፣ መቶ ጊዜ ሲመላለስ የፈጀውን ጊዜ መዝግበን፣ ከዚያ የስበት ፍጥንጥነቱን፣ ያቺን ጂ የምንላትን፣ እናወጣለን። ሁላችንም ከሃይስኩል ጀምሮ የምናውቃት ቁጥር ስለሆነች እንደ ቀላል ላብ ነበር ያየነው።

ሪፖርቱ ሲመለስ አንድ ቡድን 9.81 አምጥቷል። ሳይጎድል ሳይተርፍ። ልጆቹ ከባቹ ጎበዞች ነበሩና ሙሉ ነጥብ ጠብቀዋል። ዜሮ ተሰጣቸው። 9.74 አምጥቶ ከጎኑ "ሲደመር ሲቀነስ 0.05" ብሎ የጻፈው ቡድን ደግሞ ሙሉውን አገኘ። ክፍሉ ተንጫጫ። ፕሮፍ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "9.81ን ከየት አመጣችሁት? ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም" አሏቸው።

ከዚያ ቀስ ብለው ሰሌዳው ላይ አወጡት። ምድር ስለምትሽከረከር ወገቧ ላይ ሰፋ ትላለች፤ ወደ ወገቧ በቀረብን ቁጥር ከመሃሏ እንርቃለን፣ ሽክርክሪቱም ከክብደታችን ላይ ትንሽ ይቀንሳል። ሐዋሳ ያለችው 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ይህም የራሱን ይቀንሳል። ሁሉም ሲወራረድ 9.78 ነው የሚመጣው። 9.81 በአውሮፓ ኬክሮስ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው እዚያ ስለሆነ አብሮ መጣ እንጂ የእኛ አይደለም። የአንድ ሜትር ፔንዱለም መቶ ምልልስ በ9.81 ቢሆን 200.6 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ እኛ ጋ 200.9 ይፈጃል። ልዩነቷ 0.3 ሰከንድ ብቻ ናት፤ ሰዓቱን በጣት ስትጫን ልትጠፋ የምትችል። እሷን ለማየት ነው ደጋግሞ መለካት፣ አማካይ መውሰድ፣ ክሩን ከኳሱ መሃል ጀምሮ መለካት የሚያስፈልገው። የ9.74ቱ ቡድን እውነተኛው ቁጥር ስህተቱ ውስጥ ነበረች። እነሱ የለኩትን ጻፉ፣ ምን ያህል እንደሚያምኑትም ጻፉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ላይም ቢሆን ወለል ብሎ የሚያምር ቁጥር ሳይ እጠይቃለሁ።

ዶርም 214

» ዜሮ ተሰጣቸው

ይህን ጨምሩበት እባካችሁ፣ እንዲሁ እንዳይቀር። ያን ቅዳሜ ላቡን ራሳቸው ከፍተው እነዚያኑ ልጆች እንደገና አስለኳቸው። ስንት አመጡ እንደሆነ አላውቅም፤ ነጥቡ ግን ተስተካክሎላቸዋል። ከመካከላቸው አንዷ የቅርብ ጓደኛዬ ስለነበረች ነው የማውቀው።

ሰርቬየሩ

አላህ ይዘንላቸው። እኔ የፊዚክስ ልጅ አይደለሁም፤ ኢንጂነሪንግ ነበርኩና አንድ ኮርስ ብቻ ነው ያስተማሩኝ። ያም በቂ ነበር።

አንድ ቀን ክፍሉን ሁሉ ይዘውን ወደ ደረጃው ወጡ። ከላይኛው ፎቅ ሐዲድ ላይ ረጅም ሲባጎ አስረው ጫፉ ላይ የግንበኛ ቱንቢ አንጠልጥለው እስከ ምድር ቤቱ ወለል ድረስ ለቀቁት። ገፋ አደረጉትና "ሜትር መጠቀም የለም፤ ከፍታውን ንገሩኝ" አሉ። ሁላችንም ሰዓታችንን አወጣን። አንድ ምልልስ ስድስት ሰከንድ ገደማ ነው። ጊዜውን በራሱ አባዝተህ፣ በጂ አባዝተህ፣ ለአራት ፓይ ስኩዌር ስታካፍለው ዘጠኝ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ይመጣል። ከዚያ በሜትር ለካነው። አልዋሸም።

አሁን ሕንፃ ሥራ ላይ ነኝ። ቱንቢ በየቀኑ እጄ ላይ ነው፤ በያዝኩት ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ስሜን ልተወው

ሙት ወቃሽ እንዳልባል ፈርቼ ሁለት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ታቦር ሥር ያየነውን ጻፉ ስላለ እጽፋለሁ።

እኔ ፊዚክስን አልመረጥኩም። 70 በ30 በሚባለው፣ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በሚልከው ምደባ ነው የደረሰኝ። ሌላ ትምህርት ነበር የምፈልገው፤ እናቴም ለጎረቤት ሁሉ ያንኑ ተናግራ ነበር። ምደባው ሲወጣ ቤታችን ለቅሶ መሰለ። እንዲህ ሆኜ ሐዋሳ ስገባ ፕሮፍ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሞላ በር ዘግተው የሚያስተምሩ ሰው ሆነው ጠበቁኝ። አንድ ደቂቃ ካለፈ መግባት የለም። መካኒክስ ወደቅኩባቸው፤ እንደገና ወሰድኩት። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ልጅ ልቡ ሌላ ቦታ እንደነበር አይተው ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። እፈራቸው ነበር እንጂ እወዳቸው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ለልጃቸው እውነቱ ይድረሳት ከተባለ ይህም እውነት ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ታቦር ሥር

» ለልጃቸው እውነቱ ይድረሳት ከተባለ

ወንድሜ፣ ይገባል። እንዳለ ይገባል። ስለጻፍከው አመሰግናለሁ።

መምህርት፣ ከይርጋለም

በሩን አልክድም። ይዘጋ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ዝናብ ይዞኝ ውጭ ቀርቻለሁ። ወንድሜ ያልከው የምደባ ነገርም የብዙዎቻችን ቁስል ነው፤ አሁን የማስተምራቸው ልጆችም ፊዚክስ ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

ግን እኛ ስንገባ፣ ካንተ በኋላ ይመስለኛል፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ጠመኔ ሳያነሱ "ፊዚክስን መርጦ የመጣ?" ብለው ጠየቁ። እጅ ያወጣው ጥቂት ነው። ዝም ብለው አዩን። "እንድትወዱት አልለምናችሁም። እዚህ ስትቆዩ አንድ ነገር በእጃችሁ ለክታችሁ፣ ስህተቱንም አውቃችሁት ከወጣችሁ ለእኔ ይበቃኛል" አሉ። ምናልባት አንተን የመሳሰሉ ልጆች አስተምረዋቸው ይሆናል። ሰውየው ይማር ነበር።

አሁን የራሴን ልጻፍ፤ ይህን ልጃቸው በተለይ እንድታነበው እፈልጋለሁ። ላብ ውስጥ በየቡድኑ ሴት ካለች ሥራዋ መጻፍ ነበር። ማንም እንዲህ ይሁን አላለም፤ እንዲያው ወንዶቹ መሣሪያውን ይይዛሉ፣ "አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል" ትባላለች፣ ትጽፋለች። ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ማይክሮሜትር ሳትነካ። ፕሮፍ ይህን አዩ። ምንም ንግግር አላደረጉም። በሚቀጥለው ሳምንት ላቡ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፤ የየቡድኑ አባል በየሳምንቱ ምን እንደሚሠራ በስም ተደልድሏል፤ የሚያነብ፣ የሚያስተካክል፣ የሚጽፍ፣ የሚያሰላ። እየተዘዋወረ። መጀመሪያ ጋልቫኖሜትሩን ሳገናኝ እጄ ተንቀጥቅጧል። መርፌዋ ስትንቀሳቀስ ግን ያን ጊዜ ነው ፊዚክስ የኔ የሆነው። ዛሬ ተማሪዎቼን የምደለድለው በዚያው ወረቀት ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ላቡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሰዓት በስልካችን ይገኛል፣ ክርና ድንጋይ የትም አይጠፋም። በዚያ ብዙ ይለካል።

ቶሮንቶ ያለሁ የሐዋሳ ልጅ

ዜናውን ከዚህ ነው የሰማሁት። በጣም አዘንኩ።

ለማስተርስ ስወጣ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅኳቸው። ጽፈው፣ ሳይልኩት በፊት ቢሯቸው አስቀምጠው አነበቡልኝ። "ሒሳቡ መካከለኛ ነው። የለካውን ግን አይደብቅም፤ ውጤቱ ያልጠበቀው ሲሆን መጀመሪያ የሚጠራጠረው ራሱን ነው፣ ቀጥሎ መሣሪያውን፣ በመጨረሻ መጽሐፉን።" መካከለኛ ሲሉ ፊቴን ሳልለውጥ አልቀረሁም፤ "የማላየውን ብጽፍልህ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማን ያምነኛል?" አሉኝ። ተቀበሉኝ። የተቀበለኝ ፕሮፌሰር በኋላ እንደነገረኝ ያቺን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አይቶ ነው።

የዕድሩ ጸሐፊ

እኔ ተማሪያቸው አልነበርኩም፤ የሰፈራቸው ሰው ነኝ። ልጄ ይህን ገጽ አሳየኝና እኔም አንድ ነገር ልጨምር አልኩ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት፣ ያ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት የታየው የፀሐይ ግርዶሽ የነበረ ዕለት፣ እሑድ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ናቸው። እኛ ሐዋሳ ያለን ቀለበቱን አናይም፤ ፀሐይዋ ተገምጣ ነው የምትታየን። ሰዉ ልጆቹን ቤት አስገብቶ በር ዘጋ። መምህሩ ግን ወጡና አጥር ለአጥር እየዞሩ "ልጆቹን አውጧቸው፣ ወደ ላይ አያዩም፣ ወደ መሬት ነው የሚያዩት" አሉን። ከቤት የፓስታ ማጥለያ ይዘው መጥተዋል። ፀሐይ ላይ ሲይዙት መሬቱ ላይ በእያንዳንዷ ቀዳዳ ልክ አንዲት የተገመጠች ፀሐይ ወጣች። ብዙ፣ ትንንሽ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የተገመጡ። ልጆቹ ጮኹ። ቀጥሎ ዛፉ ሥር ወሰዷቸው፤ በቅጠሉ መሃል የሚወርደው ብርሃንም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ለካ ሌላ ቀን ዛፍ ሥር የምናያት ክብ ብርሃን የፀሐይዋ ምስል ኖራለች። ስልሳ ዓመት አልፎኝ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ዕድራችን ውስጥ ድንኳን ሲተከል ገመዱን የሚያጠብቁት እሳቸው ነበሩ። አሁን ለእሳቸው ተከልን። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ታቦር ሥር

ጋሼ፣ እርስዎም ይጽኑ። ይህ አንደኛው ገጽ ላይ ይሆናል።

ሌላ ጉዳይ ላንሳ። ለመታሰቢያቸው ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ በቴሌግራም እየመጣ ነው። አንዳንዶች ገንዘብ አዋጥተን የእምነበረድ ጽሑፍ እናሠራ ይላሉ፣ አንዳንዶች በስማቸው ሽልማት ይቋቋም ይላሉ።

የ97 ባች

ሽልማቱ ጥሩ ነው፤ በየዓመቱ ማን ገንዘቡን ይዞ ይከታተለዋል? ስንት ነገር ተጀምሮ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ እንደቀረ አይተናል። እምነበረዱን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የሚወዱት አይመስለኝም።

ዶርም 214

እኔ እምነበረዱ ይሠራ ባይ ነኝ። ልጆቻቸው ሄደው የሚያዩት ነገር ይኑር። ሁሉም ሰው ፊዚክስ አያነብም።

ባህር ዳር ያለሁ

እኔ ከፕሮፍ ጋር የሠራሁት በስልክ ነው፤ እዚህ ከጻፋችሁት ውስጥ ስላላየሁት ልጻፈው። ለመታሰቢያው ጥያቄም መልስ ሊሆን ይችላል።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ፀሐይ ሐዋሳን በቀጥታ አናቷ ላይ ታልፋለች፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይም እንደገና። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ የለውም። እኩለ ቀን ስል በሰዓታችን ስድስት ሰዓት አይደለም። ሰዓታችን የተሠራው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ሐዋሳ 38 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ወደ 26 ደቂቃ ትዘገይባታለች፣ መጋቢት ላይ ሌላ ሁለት ደቂቃ ትጨምራለች። ስለዚህ ከቀኑ 6፡28 ገደማ ነው። ፕሮፍ ስልክ ደውለው "እኔ ጥላ የለኝም፤ አንተ ስንት አለህ?" ይሉኛል። እኔ ባህር ዳር አንድ ሜትር እንጨት ተክዬ ከተማሪዎቼ ጋር እጠብቃለሁ። የእኛ እኩለ ቀን ከእናንተ አራት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይደርስና ጥላው ስምንት ሴንቲ ሜትር ላይ ያጥራል። ያ ማለት አራት ዲግሪ ተኩል ነው። ከሐዋሳ እስከ ባህር ዳር ኬክሮስ ድረስ፣ መንገዱን ሳይሆን ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ያለውን ከወሰድን፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራት ተኩል 360 ውስጥ 80 ጊዜ ይገባል። 80 ጊዜ 500፣ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር። የምድር ዙሪያ።

የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት በአስዋንና በእስክንድርያ የሠራው ይኸው ነው፤ የእሱ ማዕዘን 7.2 ዲግሪ ነበር፣ 50 ጊዜ። ፕሮፍ የሚሉት "አስዋን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ አገራችን ውስጥ ይሠራል" ነው። ሁልጊዜ ደመና ያልፈቀደበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ በማግስቱ እንሠራዋለን፣ ሒሳቡ ትንሽ ይስተካከላል።

የእኔ ሐሳብ፦ በየዓመቱ መጋቢት 30 አካባቢ፣ የት የት እንዳለን ሁላችንም አንድ ሜትር እንጨት እንትከል። ከተማሪዎቻችን ጋር። ቁጥሩን ለቤተሰቡ እንላክ። ገንዘብ አያስፈልገውም፣ ኮሚቴም አያስፈልገውም።

መምህርት፣ ከይርጋለም

ልቤን ነካኸው። እኔ አለሁ። ይርጋለም ከሐዋሳ ቅርብ ስለሆነች ጥላዬ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ይሆናል፤ ግን ከእናንተ ተቃራኒ፣ ወደ ደቡብ ይወድቃል! ፀሐይዋ ከእኔ በስተሰሜን ናትና። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አሁን ታየኝ። አርባ ምንጭ ያላችሁ ደግሞ በደንብ ታዩታላችሁ፤ እዚያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል።

ሰርቬየሩ

አዳማ ነኝ። ሒሳቡን አሁን ሠራሁት፤ አንድ ዲግሪ ተኩል፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከስድስት ሚሊ ሜትር። በዚህ ርዝመት የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ብዙ ያበላሻል፤ ስለዚህ እኔ የሁለት ሜትር ቧንቧ እተክላለሁ።

መሬቱን በውሃ ልክ አስተካክሉ። እንጨቱን በቱንቢ አቁሙ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ከስድስት ሰዓት ጀምራችሁ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ አጭሯ የእናንተ እኩለ ቀን ናት።

ስሜን ልተወው

መቀሌ ነኝ። ባንክ ነው የምሠራው፣ ተማሪ የለኝም። ሴት ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከእሷ ጋር እተክላለሁ። በሒሳቤ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ዶርም 214

እምነበረዱ ግን ይሠራ።

ታቦር ሥር

እምነበረዱን በሚመለከት ልጃቸውን ጠይቄ እመለሳለሁ፤ የእነሱ ውሳኔ ነው። እንጨቱን ግን እንተክላለን። እስካሁን ሐዋሳ፣ ባህር ዳር፣ ይርጋለም፣ አዳማ፣ መቀሌ አሉ። ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ጎንደርና አርባ ምንጭ ያላችሁ ከዚህ በታች ጻፉ። ስትልኩ የለካችሁትን ብቻ ላኩ፣ ስህተቱን ከጎኑ ጻፉበት፣ እና ማን እንደለካው።

አሞራ ገደል

አርባ ምንጭ እኔ አለሁ።